ያልተሣለው ዘጠነኛ እግር

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



የኤሌክትሮኒክስ ብልሽት በሁለት መልክ ይመጣል። አንደኛው ዕቃው ጨርሶ አልሠራም የሚልበት ነው። ይህ ለመሐንዲስ የቀለለው ነው፤ መለኪያ ይዞ ከኃይል ምንጩ እስከ ውጤቱ ደረጃ በደረጃ ቢከተል የሞተው ክፍል የት እንዳለ ይደርስበታልና። ሁለተኛው ግን ዕቃው አንድ ጊዜ እየሠራ፣ አንድ ጊዜ እያቆመ፣ መለኪያ ሲቀርብለት ደህና መስሎ የሚታይበት ነው። የባለሙያን ጊዜ የሚበላው፣ ስሙንም የሚያስነሣው ይኸኛው ነው።

ዛሬ የሚቀርበው ከሁለተኛው ወገን የሆነ ጉዳይ ነው። ይኸውም ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሸከም ኦፕሬሽናል አምፕሊፋየር፣ በአጭሩ ኦፕ-አምፕ የሚባለው፣ ከሆዱ ሥር ያለው የብረት ገጽ፣ ማለት ቴርማል ፓዱ፣ ከሰሌዳው ጋር ሳይገናኝ ሲቀር የሚደርሰው ነው። ነገሩ በብዙ የሥራ ጠረጴዛ ላይ የሚደጋገም ስለሆነ የአንድ ሰው ታሪክ ብቻ ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ ምርመራው በቅደም ተከተል እንዲታይ ግን በአንድ ወጣት መሐንዲስና በአንድ ሰሌዳ አምሳል ይነገራል።

ሙቀት በዓይን ይታይ በነበረበት ዘመን

«ኦፕሬሽናል አምፕሊፋየር» የሚለው ስም በጽሑፍ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1947 ዓ.ም. ራጋዚኒና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ የጆርጅ ፊልብሪክ ኩባንያ ኬ2-ደብሊው የተባለውን ኦፕ-አምፕ ለገበያ አቀረበ። ይህ ዕቃ በሁለት ቫልቮች የሚሠራ ሲሆን፣ የሚመገበው ከ+300 እና ከ−300 ቮልት ነበር። ስለዚህ ከፍተኛ ቮልቴጅ ለኦፕ-አምፕ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከልደቱ ጀምሮ አብሮት የኖረ ነው።

ልዩነቱ ሌላ ነው። በዚያን ጊዜ ቫልቭ ሲሠራ ክሩ ቀልቶ ይታያል፤ እጅ ሲጠጋው ያቃጥላል፤ ስለዚህ ማንም ሠሪ ለአየር መግቢያና መውጫ ሳያበጅለት ሣጥን አይዘጋበትም። ዛሬ 100 ቮልት የሚሸከመው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኦ.ፒ.ኤ. 454፣ ወይም 140 ቮልት የሚሸከመው ኤል.ቲ.ሲ. 6090፣ ከጥፍር በማይበልጥ ስምንት እግር ባለው ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ ተቀምጧል። ሙቀቱ አልቀረም፤ ከዓይን ግን ተሰውሯል። መውጫው ደግሞ ከሆዱ ሥር ተገልብጦ ካልታየ በቀር የማይታወቀው የብረት ገጽ ነው።

የጉዳዩ አመጣጥ

መሐንዲሱ የተሰጠው ሥራ በአንድ ወርክሾፕ ውስጥ ያሉ ቮልትሜትሮች የሚመሳከሩበት የቮልቴጅ ምንጭ መሥራት ነው። ውጤቱ ከዜሮ እስከ 38 ቮልት በሁለቱም አቅጣጫ የሚሄድ፣ እስከ 1,000 ኦም የሚደርስ ጭነት የሚሸከም መሆን አለበት። ለዚህ ኦ.ፒ.ኤ. 454ን መረጠ፤ በ+45 እና በ−45 ቮልት መገበው፤ ማጉያውን 10 እጥፍ አደረገ። ምርጫው የሚነቀፍ አይደለም። ሰሌዳው ተሠርቶ ሲመጣ ስምንቱን እግሮች በስታኞ አያያዘ፤ ያለ ጭነት ሞከረው፤ ከዜሮ እስከ 38 ቮልት በትክክል ታዘዘለት።

ጭነቱ ሲገባ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ5 ቮልት ደህና ነው፤ በ10 ቮልት ደህና ነው፤ በ38 ቮልትም ደህና ነው። በ22 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ግን ውጤቱ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ በድንገት ወደ ዜሮ ይወድቃል፤ ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል፤ እንደገና ይወድቃል። በኦሲሎስኮፕ ሲታይ በዝግታ የሚነሣና የሚወድቅ አራት ማዕዘን ሞገድ መሰለ።

መሐንዲሱ በመጀመሪያ የጠረጠረው መወዛወዝን ነው። በግብረ-መልሱ መንገድ ላይ ካፓሲተር ጨመረ፤ በኃይል መግቢያዎቹም ላይ እንዲሁ። ለውጥ የለም። ቀጥሎ የኃይል ምንጩ ጅረት ገድቦበት እንደሆነ ብሎ በሌላ ምንጭ ተካው። ለውጥ የለም። በመጨረሻ ቺፑን ጠረጠረ። ከገበያ የሚገኝ ቺፕ ሁሉ የታመነ ስላልሆነ ጥርጣሬው መሠረት የለውም አይባልም። ቺፑን ነቅሎ ሁለተኛ ተከለ፤ ያው ሆነ። የቀረው አንድ ቺፕ ብቻ ነው፤ ሌላ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። «የመጡት ቺፖች የተበላሹ ናቸው» የሚል የአቤቱታ ደብዳቤ እስከ ግማሽ ጻፈ።

ነገሩ የተለወጠው በዚህ ጊዜ ነው፤ ያለውን የመጨረሻ ቺፕ ከመንካቱ በፊት ሌላ ጥያቄ አነሣ። ጥያቄውም፦ «ብልሽቱ ለምን መካከሉን መረጠ?» የሚል ነው።

ስሌቱ የሰጠው መልስ

ይህ ጥያቄ የሚመለሰው በወረቀትና በእርሳስ ነው። ኦ.ፒ.ኤ. 454 ምንም ሳይሠራ ቢቀመጥ እንኳ 3.2 ሚሊአምፔር ገደማ ይጠጣል። በሁለቱ ምንጮች መካከል ያለው 90 ቮልት ስለሆነ፣ በባዶው 0.29 ዋት ያህል ሙቀት ይፈጥራል። በዝቅተኛ ቮልቴጅ የለመደ እጅ ይህን ክፍል ይዘነጋዋል፤ ያው ጅረት በ5 ቮልት ቢሆን 0.016 ዋት ብቻ ይሆን ነበርና።

በዚህ ላይ የጭነቱ ድርሻ ይጨመራል። ቺፑ ውስጥ የሚቀረው ሙቀት በምንጩና በውጤቱ መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት በጅረቱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ውጤቱ 38 ቮልት ሲሆን ጅረቱ 38 ሚሊአምፔር ነው፤ ልዩነቱ ግን 7 ቮልት ብቻ ስለሆነ ሙቀቱ 0.27 ዋት ነው። ውጤቱ 10 ቮልት ሲሆን ልዩነቱ 35 ቮልት፣ ጅረቱ 10 ሚሊአምፔር፣ ሙቀቱ 0.35 ዋት ይሆናል። ውጤቱ 22.5 ቮልት ሲሆን፣ ማለት በምንጩ እኩሌታ ላይ፣ ሙቀቱ ከሁሉ በልጦ 0.51 ዋት ይደርሳል። ከባዶው ድርሻ ጋር ሲደመር 0.8 ዋት ገደማ ነው።

አሁን የመውጫው ነገር ይመጣል። ፓዱ በስታኞ ካልተያዘ ሙቀቱ የሚወጣው በቀጭኖቹ እግሮችና በፕላስቲኩ ብቻ ነው። ለስሌት ያህል በዚህ ሁኔታ የሙቀት ተቃውሞው በዋት 160 ዲግሪ ቢወሰድ፣ 0.8 ዋት የቺፑን ውስጥ ከአካባቢው በ128 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ክፍሉ 25 ዲግሪ ቢሆን ውስጡ 153 ዲግሪ ይደርሳል። የዚህ ቺፕ የሙቀት መከላከያ ደግሞ 150 ዲግሪ ሲደርስ ውጤቱን ይዘጋል፤ ወደ 130 ዲግሪ ሲበርድ መልሶ ይከፍታል። መሐንዲሱ በኦሲሎስኮፕ ያየው ሞገድ ቺፑ ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ሲተኛና ሲነቃ ነው። በ10 እና በ38 ቮልት ላይ ያለው ጠቅላላ ሙቀት ከ0.65 ዋት ስለማይበልጥ መከላከያው አይነሣም፤ በባዶው ደግሞ ውስጡ ከ71 ዲግሪ አያልፍም። በዚሁ ስሌት ብልሽቱ ሊታይ የሚችለው ከ19 እስከ 26 ቮልት ባለው ክልል ውስጥ ብቻ ነው። ምልክቱ ሁሉ በአንድ መልስ ተፈታ።

መልሱን ለማረጋገጥ የቀረው ቀላል ፈተና ነው። መሐንዲሱ ውጤቱን በ22 ቮልት አቁሞ በጠረጴዛ ቬንቲሌተር አየር ነፋበት፤ መውደቁ ቀረ። ቬንቲሌተሩን ሲያጠፋ ተመለሰ። የኤሌክትሪክ መወዛወዝ ነፋስ አይፈራም፤ ሙቀት ግን ይፈራል። በዚህ ላይ ቺፑ ጅረት ሲበዛበት ወይም ሲግል የሚናገርበት የሁኔታ ጠቋሚ እግር አለው። በዚህ ሰሌዳ ላይ ያ እግር ከምንም ሳይያያዝ ቀርቶ ነበር። በአንድ ሬዚስተርና በአንድ መብራት ቢያያዝ ኖሮ ብልሽቱ በመጀመሪያው ቀን ስሙን ይናገር ነበር።

ስሕተቱ የተቀመጠበት ቦታ

ቺፑ ሲነቀልና ሰሌዳው ሲታይ ከሥሩ ምንም የመዳብ ገጽ የለም፤ አረንጓዴው ሽፋን ብቻ ነው። የመግለጫው ሥዕል ስምንት እግር ያሳያል፤ ፓዱ ቁጥር ስለሌለው መሐንዲሱ በሰርኪዩቱ ንድፍ ላይ አልሣለውም። ንድፉን የሚመረምረው የኮምፒዩተር ፕሮግራም «ስሕተት አልተገኘም» ብሎ አሳለፈው። ፕሮግራሙም አልዋሸም። የሚጠይቀው ሰሌዳው ከንድፉ ጋር ይስማማ እንደሆነ ነው፤ ንድፉ ከቺፑ ጋር ይስማማ እንደሆነ አይጠይቅም። ይህን መጠየቅ የመሐንዲሱ ፈንታ ነው።

ከፓዱ ሥር የቀረው አንድ ስስ የአየር ክፍተት ነው። ይህ ክፍተት ቀላል ይመስላል፤ ሲሰላ ግን ያስገርማል። ፓዱ 7.5 ካሬ ሚሊሜትር፣ ክፍተቱ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ቢሆን፣ በአየሩ በኩል ያለው የሙቀት ተቃውሞ በዋት ከ500 ዲግሪ በላይ ነው። ያው ክፍተት በስታኞ ቢሞላ ግን ተቃውሞው በዋት ከአንድ ሦስተኛ ዲግሪ በታች ይወርዳል። በኤሌክትሪክ ቋንቋ ቢነገር፣ መሐንዲሱ አንድ ሽቦ ቆርጦ ትቷል፤ የተቆረጠው ሽቦ የሚያሳልፈው ሙቀት ስለሆነ ብቻ ቮልትሜትር አላየውም።

እዚህ ላይ ኦሜትርም ሊያታልል እንደሚችል መታወቅ አለበት። የቺፑ ፓድ በውስጥ በኩል ከኔጋቲቩ የኃይል መግቢያ ጋር የተዛመደ ነው። በሰሌዳው ላይ ያለው መዳብ ከኔጋቲቩ መስመር ጋር ተያይዞ ቺፑ ግን ባይነካው፣ ኦሜትሩ በመስመሩ በኩል «ተገናኝቷል» ይላል። ስለዚህ በጥርጣሬ ጊዜ የሚሻለው መለኪያ ቴርሞሜትር ነው። ፓዱ በደንብ ከተያዘ በቺፑ ሥር ያለው የሰሌዳው ጀርባ አብሮ ይሞቃል፤ ካልተያዘ የቺፑ ራስ እየጋለ የሰሌዳው ጀርባ ለብ ብሎ ይቀራል።

ሁለተኛው ወጥመድ

ምክንያቱ ታውቆ ሳለ አንድ የባሰ ስሕተት ሊፈጸም ይችል ነበር። በዝቅተኛ ቮልቴጅ በሚሠሩ ብዙ ቺፖች ላይ ፓዱ ከግራውንድ ጋር ይያያዛል፤ እጅም ይህን ለምዷል። መሐንዲሱም አዲሱን ንድፍ ሲጀምር ፓዱን ወደ ግራውንድ ለመሳብ መስመሩን አስቦ ነበር። የፋብሪካውን መግለጫ እንደገና ሲያነብ ግን ፓዱ ከኔጋቲቩ ምንጭ ጋር መያያዝ እንዳለበት፣ ኃይሉ ትንሽ ቢሆንም እንኳ በስታኞ መያዝ ግዴታ እንደሆነ ተጽፎ አገኘው። ለኤል.ቲ.ሲ. 6090ም ፓዱ ኔጋቲቭ ነው። ወደ ግራውንድ ቢያያዝ ኖሮ −45 ቮልቱ በቺፑ ሆድ በኩል ከግራውንድ ጋር ይጋጭ ነበር፤ የቀረውም አንድ ቺፕ በዚያው ያልቅ ነበር።

ከዚህ የሚከተለው ሌላ ነገር አለ። ሙቀቱን እንዲበትን የሚዘረጋው የመዳብ ሜዳ −45 ቮልት ተሸክሞ ይቀመጣል ማለት ነው። ከጎኑ የሚያልፈው የ+45 መስመር ከእርሱ በ90 ቮልት ይለያል። ከ60 ቮልት በላይ የሆነ ቀጥተኛ ጅረት ብዙ የደኅንነት ደንቦች በእጅ እንዲነካ አይፈቅዱትም። ስለዚህ በሜዳው ላይ የሚደረግ ማቀዝቀዣ ብረት ከሣጥኑ ጋር እንዳይነካ፣ ሠራተኛም ምንጩን ዘግቶ ካፓሲተሮቹ ባዶ መሆናቸውን ሳይለካ እጁን እንዳያስገባ ያስፈልጋል።

ለአገራችን ደጋ ከተሞች ደግሞ ልዩ ማሳሰቢያ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,400 ሜትር ግድም ላይ ስትሆን፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀትን ጠርጎ የመውሰድ ኃይሉ ያንሳል፤ በፋብሪካ መግለጫ የሚታተመው የማቀዝቀዝ ቁጥር እዚህ ትንሽ ይከፋል ማለት ነው። ቮልቴጅን የመከልከል ኃይሉም ያንሳል። ለዚህም ነው የዓለም አቀፉ ኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደንብ፣ ቁጥር 60664-1፣ ከ2,000 ሜትር በላይ በአየር ውስጥ ያለው ርቀት እንዲጨምር የሚያዘው፤ ለ3,000 ሜትር ጭማሪው 1.14 እጥፍ ነው።

ጥገናውና ፈተናው

አዲሱ ንድፍ ፓዱን እንደ ዘጠነኛ እግር ቆጥሮ ስም ሰጠው፤ ከኔጋቲቩ ምንጭ ጋርም አያያዘው። ከፓዱ ሥር መዳብ ተዘረጋ፤ ሙቀቱ ወደ ሰሌዳው ጀርባ እንዲያልፍ ውስጣቸው በመዳብ የተለበጠ ትንንሽ ቀዳዳዎች ተበሱ፤ በጀርባም ሰፊ የመዳብ ሜዳ ተደረገ። በእጅ ማቅለጫ ከቺፑ ሥር መድረስ ስለማይቻል ሥራው በሙቅ አየር ተከናወነ። ሙቅ አየር በሌለበት ወርክሾፕ ከፓዱ ሥር አንድ ሰፋ ያለ የተለበጠ ቀዳዳ ትቶ፣ ሰሌዳውን ገልብጦ ማቅለጫውንና ስታኞውን በዚያ በኩል ማስገባት ይቻላል።

ፈተናው በ22.5 ቮልት ላይ ተደረገ፤ እጅግ የከፋው ነጥብ እርሱ ነውና። የሙቀት ተቃውሞው በዋት ወደ 50 ዲግሪ ቢወርድ የቺፑ ውስጥ 65 ዲግሪ ገደማ ላይ መቀመጥ አለበት። ውጤቱ ከሰዓት በላይ ሳይወድቅ ቆየ፤ የሰሌዳው ጀርባ ሞቀ፤ አሁን መብራት የተያያዘበት የሁኔታ ጠቋሚም ዝም አለ። ይህን ሁሉ ያደረገው ያው የቀረው ቺፕ ነው። «ተበላሽተዋል» ተብለው የተነቀሉት ሁለቱም ኋላ በአዲስ ሰሌዳ ላይ ሲሞከሩ ደኅና ሆነው ተገኙ።

ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚያሳስበው ያልደረሰው ነገር ነው። ጭነቱ 1,000 ኦም መሆኑ ቀርቶ 1,500 ቢሆን ኖሮ መከላከያው አይነሣም፤ ቺፑም አይወድቅም። ውስጡ ግን ከ120 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይሠራ ነበር። የመግቢያው ስሕተት በዲግሪ 10 ማይክሮቮልት ቢሸሽ፣ በ100 ዲግሪ ጭማሪና በ10 እጥፍ ማጉያ ውጤቱ 10 ሚሊቮልት ይሳሳታል። ምንጩ ሌሎች መለኪያዎች የሚመሳከሩበት ስለሆነ፣ ያ ስሕተት ወደ እያንዳንዱ ቮልትሜትር ይሸጋገራል፤ ከዚያም ቮልትሜትሮቹ ወደሚለኩት ሁሉ። ሥራውን ያቆመ ዕቃ ችግሩን ይናገራል፤ እየሠራ የሚሳሳት ዕቃ ግን ባለሥልጣን መስሎ ይቀመጣል። በዚህ አንጻር የሙቀት መከላከያው መነሣት ለመሐንዲሱ ችግር ሳይሆን ዕድል ነበር።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። መሐንዲሱ የአቤቱታውን ደብዳቤ ቀደደው፤ በምትኩ ለኃላፊው አንድ ገጽ ሪፖርት ጻፈ። ሪፖርቱ ቺፖቹ ደኅና እንደነበሩ፣ የጎደለው በንድፉ ላይ ያልተሣለ አንድ መስመር እንደነበረ፣ ንድፉንም የሠራው ራሱ እንደሆነ ይናገራል። ደብዳቤው ተልኮ ቢሆን ኖሮ ሻጩ ሌላ ቺፕ ይልክ ይሆናል፤ ያው ንድፍ ግን በወርክሾፑ መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ የሚቀጥለውን ሰው ይጠብቅ ነበር።

ክቡራትና ክቡራን፤

ከዚህ ጉዳይ ለዕለት ሥራ የሚወሰደው አጭር ነው። ንድፍ ሲሠራ የቺፑ ብረት የሆነ ክፍል ሁሉ፣ ቁጥር ቢኖረውም ባይኖረውም፣ ይሣል፤ ከየትኛው ቮልቴጅ ጋር እንደሚያያዝም ከመግለጫው ተነቦ ይጻፍበት። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ባዶው ሙቀት ከጭነቱ ሙቀት ጋር ተደምሮ፣ በከፋው ነጥብ ላይ ይሰላ። ቺፑ ስለ ራሱ የሚናገርበት እግር ካለው አይዘጋ። ብልሽት ሲመጣም ቺፑ ከመነቀሉ በፊት በቬንቲሌተር ይነፋበት፤ የሚያስወጣው የጥቂት ደቂቃ ጊዜ ነው፤ የሚያድነው ግን ሳምንታትን ነው።